የጋዝ ቧንቧ ሲዛወር የአካባቢ ግምገማው ምን ይወስናል? የባለመሬቱስ ቃል የት ይገባል?

ጥያቄው በደቡብ ምሥራቅ ፔንስልቬንያ ከሚኖሩ አንባቢ የቀረበ ነው፦ «ከጓሯችን ጀርባ ለብዙ ዓመት የኖረው ትልቅ የተፈጥሮ ጋዝ ቧንቧ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከድርጅቱ ደረሰን። አዲሱ መስመር በመሬታችን ጠርዝ፣ ከውሃ ጉድጓዳችን ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። ደብዳቤው የአካባቢ ግምገማ መጀመሩንና አስተያየት መስጠት እንደምንችል ይናገራል። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን መንግሥት ወስኖ ጨርሷል፣ መጻፍ ከንቱ ድካም ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ብዙ ፊርማ ከተሰበሰበ ፕሮጀክቱ ይቆማል ብለው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ባለቤቴ ገና ዜግነት ስላላገኘች ስሟን በመንግሥት መዝገብ ላይ ማስፈር ትፈራለች። ቀያሾች ወደ መሬታችን እንዲገቡ የሚፈቅድ ወረቀት እንድንፈርምም ተጠይቀናል። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ሁለቱም ወገን ጎረቤቶችዎ ተሳስተዋል፤ የስሕተታቸውም ምንጭ አንድ ነው። የአካባቢ ግምገማን ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ፕሮጀክትን የሚያሳልፍበት ወይም የሚጥልበት መድረክ አድርገው ወስደውታል። በጥር 1970 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተፈረመው ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከመወሰኑ በፊት የሚያስከትለውን ጉዳት እንዲመረምርና በግልጽ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል፤ ከመረመረ በኋላ ጉዳቱ ያነሰውን አማራጭ እንዲመርጥ ግን አያስገድደውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በ1989 በማያሻማ ቋንቋ ወስኖታል፤ ሕጉ የሚከለክለው ሳያውቁ መወሰንን ነው። ስለዚህ አምስት መቶ ፊርማ «አንፈልግም» ቢል ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራል ኮሚሽን ተቃውሞ መኖሩን መዝግቦ ሊያልፍ ይችላል፤ አንድ ባለመሬት ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚጠልቅና ከምን ዓይነት አለት ውሃ እንደሚቀዳ ቢጽፍ ግን ኮሚሽኑ ለዚያ መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል።

ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ጋዝ የሚያስተላልፉ ቧንቧዎችን የሚፈቅደው የፌዴራል ኢነርጂ ቁጥጥር ኮሚሽን፣ በአጭር መጠሪያው ፈርክ፣ ነው። ሥልጣኑን ያገኘው በ1938 ከወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ሕግ ነው፤ በተለይ ከአንቀጽ 7። ኮሚሽኑ ከሚቀርቡለት ማመልከቻዎች እጅግ የሚበዙትን እንደሚያጸድቅ ልደብቅዎት አልፈልግም። የእርስዎን ጉዳይ የመሰለ ዝውውር ደግሞ ከአዲስ ረጅም መስመር ይልቅ በቀላሉ ያልፋል፤ ጋዙ ቀድሞም ይተላለፍ ስለነበር «ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም» የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ አይነሣም። በግምገማ ጊዜ በእርግጥ ሲለወጥ የሚታየው መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ በምን ዘዴ እንደሚቆፈር፣ በየትኛው ወቅት እንደሚሠራና ጉዳት ቢደርስ ማን ምን እንደሚያደርግ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስብ ነገር ብዙ አይኖርም።

ከመጻፍዎ በፊት ጉዳይዎ በየትኛው መንገድ እየሄደ እንደሆነ ይለዩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧ የሚዛወረው መንገድ ሲሰፋ፣ ግድብ ሲሠራ፣ ወንዝ አቅጣጫውን ሲቀይርና ዳርቻውን ሲሸረሽር፣ ወይም ቤቶች እየበዙ መጥተው መስመሩን ሲከቡት ነው። የፈርክ ደንብ እነዚህን ምክንያቶች በስማቸው ይጠቅሳል፤ የሚሰጠው የጋዝ አገልግሎት እስካልተለወጠ ድረስም እንዲህ ያለውን ዝውውር ድርጅቱ አስቀድሞ በያዘው ጥቅል ፈቃድ እንዲያከናውን ይፈቅድለታል። ወጪው በየዓመቱ ከሚስተካከል ጣሪያ በታች ከሆነ የተለየ ማመልከቻ እንኳ አያስፈልገውም፤ ግዴታው ግንባታው ከመጀመሩ ቢያንስ 45 ቀን በፊት፣ ወይም የመሬት ድርድሩን ቀድሞ ከጀመረ በዚያው ጊዜ፣ ባለመሬቶችን ማሳወቅ ነው። ወጪው ከዚያ ካለፈ ደግሞ ቅድመ ማስታወቂያ ያስገባል፤ ማንኛውም ሰው ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ከሁሉም የሚረዝመው መንገድ በአንቀጽ 7 መሠረት የሚቀርበው ሙሉ ማመልከቻ ነው። የእርስዎ ደብዳቤ አስተያየት ስለሚጋብዝ ጉዳይዎ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ወገን ነው። በደብዳቤው ላይ «ሲፒ» በሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጀምር የመዝገብ ቁጥር አለ፤ ያንን ቁጥር በፈርክ የድረ ገጽ ቤተ መዛግብት ውስጥ ያስገቡና ድርጅቱ ያስገባውን ሰነድ በሙሉ፣ ካርታዎቹን ጭምር፣ ያንብቡ። ክፍያ የለውም።

ጉዳይዎ በ60 ቀኑ ቅድመ ማስታወቂያ የሚሄድ ከሆነ ተቃውሞ ከአስተያየት እጅግ የተለየ ኃይል አለው። በጊዜው የቀረበ ተቃውሞ ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ካልተነሣ ወይም ውድቅ ካልተደረገ ጉዳዩ ከፈጣኑ መንገድ ወጥቶ እንደ ሙሉ ማመልከቻ ይታያል። ይህ ለድርጅቱ ወራትን ያስከፍለዋል፤ ስለዚህ እነዚያ 30 ቀናት ድርጅቱ በእውነት ሊያነጋግርዎት የሚፈልግባቸው ቀናት ናቸው። ነገር ግን ዝርዝር ምክንያት የሌለው ተቃውሞ ገና ከበሩ ሊመለስ ይችላል፤ ደንቡ ይህንን ሥልጣን ለኮሚሽኑ ሠራተኞች ሰጥቷል። «ለልጆቼ እፈራለሁ» ብቻ ብሎ የሚያበቃ ጽሑፍ ፍርሃቱ እውነተኛ ቢሆንም በዚህ ወንፊት አያልፍም።

አሁን ወደ ግምገማው ልግባ። የዝውውር ፕሮጀክት አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው በአጭሩ የግምገማ ዓይነት ነው፤ ሰፊው የተጽዕኖ መግለጫ የሚዘጋጀው ጉዳቱ ጉልህ ይሆናል ተብሎ ሲገመት ነው። በ2023 የተሻሻለው ሕግ ለአጭሩ ግምገማ 75 ገጽና የአንድ ዓመት ጊዜ ገደብ አስቀምጦለታል። ከዚህ አንድ ነገር ይረዱ፦ ገጹ ሲያጥር ጸሐፊው የሚያነሣው አስቀድሞ የተነገረውን ነው፤ ያልተነገረው ይቀራል። ሠራተኞቹ በመጀመሪያ «ምን እንመርምር?» ብለው ሕዝቡን የሚጠይቁበት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ገደማ የሚሆነው፣ ከሁሉም የላቀ ዋጋ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ግምገማው ታትሞ ከወጣ በኋላ የሚጻፍ አስተያየት ይነበባል፤ ያን ጊዜ ግን ጸሐፊው የጻፈውን ይከላከላል እንጂ ገና እየጻፈ አይደለም። ደግሞም የግምገማው መታተም ፈቃድ ማለት አይደለም። ሰነዱ የሠራተኞች ምርመራ ነው፤ ውሳኔውን የሚሰጡት ኮሚሽነሮቹ ናቸው፤ ግዴታዎቹም የሚጸኑት በውሳኔው ላይ በተራ ቁጥር ሲሰፍሩ ብቻ ነው።

በእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ በፊት መነሣት ያለበት ውሃው ነው። ፔንስልቬንያ የግል ጉድጓድ አሠራርንና የውሃውን ጥራት የሚቆጣጠር ግዛት አቀፍ ሕግ የላትም፤ የጉድጓድዎ ጠባቂ እርስዎ ራስዎ ነዎት ማለት ነው። በደቡብ ምሥራቅ የግዛቱ ክፍል ደግሞ ብዙ ቦታ መሬቱ የኖራ ድንጋይ ነው፤ አለቱን ውሃ እያሟሟው ውስጥ ለውስጥ ስንጥቅና ዋሻ ይፈጠርበታል። መንገድን ወይም ወንዝን ሥር ለሥር ለማለፍ ድርጅቶች አግድም ቁፋሮ ይጠቀማሉ፤ መሰርሰሪያው ቤንቶናይት በተባለ የሸክላ ዓይነት የተበጠበጠ ፈሳሽ በግፊት እየተለቀቀለት ይሄዳል። አለቱ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ያ ፈሳሽ ከታሰበለት ጉድጓድ አምልጦ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ወይም ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ግምት አይደለም። በ2017 ሐምሌ በቼስተር ካውንቲ፣ ዌስት ኋይትላንድ በተባለው ቀበሌ፣ የማሪነር ኢስት 2 ቧንቧ ቁፋሮ የውሃ አዘሉን አለት ሲነካ የነዋሪዎች ጉድጓድ ደፈረሰ፤ ቤተሰቦቹ በኋላ ወደ ሕዝብ የውሃ መስመር እንዲገቡ ተደረገ፤ በዚያው አካባቢ ከቤቶች ጓሮ ላይ መሬት ሰመጠ። ያ ቧንቧ የሚያስተላልፈው ፈሳሽ የጋዝ ውጤቶችን በመሆኑ መስመሩን የፈቀደው ፈርክ አልነበረም፤ መሬቱና መሰርሰሪያው ግን ያው ናቸው።

ስለዚህ አስተያየትዎን በጉድጓዱ ይጀምሩ፤ ሲጽፉም እንደ ቀያሽ ይጻፉ። የመዝገብ ቁጥሩን፣ መስመሩ በመሬትዎ የሚያልፍበትን በካርታው ላይ የተጻፈ የማይል ምልክት፣ ጉድጓዱ ከሥራ ቦታው ወሰን በስንት ጫማ ርቀት እንዳለ፣ ጥልቀቱን፣ የተቆፈረበትን ዓመት፣ የስንት ሰው ቤተሰብ እንደሚጠቀምበት ይግለጹ። ኮሚሽኑ ድርጅቶች ከግንባታው ቦታ በ150 ጫማ ውስጥ ያሉ የግል ጉድጓዶችን እንዲለዩ ይጠይቃል፤ የእርስዎ በድርጅቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ከሌለ «አልተመዘገበም» ብለው ይጻፉ፤ እንዲህ ያለው ግድፈት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ሠራተኞቹም ሲነገራቸው በጽሑፍ ማብራሪያ ይጠይቃሉ። ጉድጓዱ በ160 ወይም በ200 ጫማ ርቀት ላይ ከሆነ የአለቱን ዓይነት ጠቅሰው በምርመራው እንዲካተት ይጠይቁ። ከዚያ የሚፈልጉትን በግልጽ ያስቀምጡ፦ ዛፍ መቁረጥ ከመጀመሩ በፊትና ግንባታው ካበቃ በኋላ የውሃው ጥራትና መጠን በገለልተኛ ላቦራቶሪ እንዲለካ፣ ወጪውን ድርጅቱ እንዲሸፍን፣ ውጤቱ ለእርስዎ እንዲደርስ፣ ጉዳት ቢደርስ ድርጅቱ ወዲያው ጊዜያዊ ውሃ እንዲያቀርብ። የመጀመሪያው መለኪያ ከሌለ በኋላ ውሃው ድሮ ንጹሕ እንደነበር ማስረዳት አይችሉም፤ ክርክሩ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ከጉድጓዱ ቀጥሎ የፍሳሽ ታንኩንና የማስረጊያ መስኩን ያሳዩ፤ ከባድ ማሽን በላዩ ካለፈ መስኩ ይጨፈለቃል፣ ጉዳቱ የሚታየውም ከወራት በኋላ ነው። ቤትዎ ከሥራ ቦታው በ50 ጫማ ውስጥ ከሆነ ለቤቱ ብቻ የተዘጋጀ የግንባታ ንድፍ በመዝገቡ ውስጥ መኖር አለበት፤ ይፈልጉትና ስሕተቱን ያርሙ። አትክልት ወይም እህል የሚዘሩበት መሬት ካለ የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተነሥቶ ለብቻው እንዲመለስ ይጠይቁ። መስመሩን ሃምሳና መቶ ጫማ ወደ ጎን የሚያሸሽ አማራጭ በዓይንዎ ካዩ በካርታ ላይ ሥለው ያስገቡ። ድርጅቱ ካቀረባቸው የምርመራ ዘገባዎች አሥረኛው ስለ አማራጮች ነው፤ ያንን ሲያነቡ የእርስዎ ሐሳብ በዚያ ውስጥ ተነሥቶ እንደሆነ ይመልከቱ፣ ከተነሣም በምን ምክንያት እንደተጣለ። አማራጩ ችግሩን ወደ ጎረቤት ጉድጓድ የሚያሻግር ከሆነ ግን አያቅርቡት፤ ተቀባይነት አይኖረውም፣ ሰፈሩንም ይከፋፍላል።

በዝውውር ጉዳይ ብዙዎች የሚዘነጉት፣ እኔ ግን ከአዲሱ መስመር እኩል የማየው፣ የአሮጌው ቧንቧ ዕጣ ነው። ዝውውር ማለት ሁለት ፕሮጀክት ነው፤ አንዱ ይቀበራል፣ አንዱ ይተዋል። አሮጌው ቧንቧ ተቆፍሮ ሊወጣ ወይም ባለበት ሊተው ይችላል። ማውጣቱ መሬቱን ዳግመኛ ያርሳል፤ መተዉ ቁፋሮውን ያስቀራል፣ ነገር ግን ብረቱ በጊዜ ብዛት ዝጎ ሲደረመስ መሬት ሊሰምጥ፣ ቧንቧውም እንደ ቦይ ውሃ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ለዚህ መፍትሔው ጫፎቹን መድፈንና መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ በሲሚንቶ ውህድ መሙላት ነው። በቀድሞ ዘመን አንዳንድ የጋዝ መስመሮች ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ያለበት ቅባት ይጠቀሙ ነበር፤ አንዳንድ የቧንቧ ልባሶችም አስቤስቶስ ነበራቸው። ከድርጅቱ ዘገባዎች አሥራ ሁለተኛው ፒሲቢን የሚመለከት ነው። «አሮጌው ቧንቧ ተመርምሯል ወይ? ውጤቱስ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የወረቀት ጉዳይ አለ። ከጓሮዎ ጀርባ ያለው ቧንቧ የተቀበረው ኢዝመንት በሚባለው የመሬት መጠቀሚያ መብት ነው፤ ቧንቧው ሥራ ስላቆመ ብቻ ያ መብት ከመሬትዎ ላይ አይነሣም። ወደ ካውንቲው የመሬት ሰነዶች መዝጋቢ ቢሮ ይሂዱና የመጀመሪያውን ውል ቅጂ ያውጡ። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት የተፈረሙ ውሎች ብዙ ጊዜ ስፋቱን ሳይወስኑ «አንድ ወይም ከዚያ በላይ ቧንቧ» ለመቅበር ይፈቅዳሉ። አዲስ መብት ሲሰጡ አሮጌው በጽሑፍ ተሰርዞ በዚያው ቢሮ እንዲመዘገብ ካላስደረጉ መሬትዎ ሁለት ሸክም ይዞ ይቀራል፤ ቤቱን ለመሸጥ በሄዱ ቀን ይህን ገዢው ይነግርዎታል።

ስለ ደኅንነት የፈርክን ሥልጣን ወሰን ይወቁ። የብረቱን ውፍረት፣ የብየዳውን ፍተሻ፣ የግፊቱን ጣሪያ የሚደነግገው በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ያለው የቧንቧ መስመርና የአደገኛ ቁሳቁሶች ደኅንነት አስተዳደር ነው። በደንቡ መሠረት ከመስመሩ ግራና ቀኝ በ220 ያርድ ውስጥ፣ በአንድ ማይል ርዝመት፣ ያሉት ቤቶች ይቆጠራሉ፤ 46 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ቦታው ወደ ሦስተኛው ክፍል ይገባል፣ ቧንቧውም ከብርታቱ ሊጠቀም የሚችለው መጠን በገጠር ካለው 72 በመቶ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። ሰፈርዎ እያደገ ከሆነ «አዲሱ መስመር የተነደፈው ለየትኛው ክፍል ነው?» ብለው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለዛሬው የቤት ብዛት ብቻ የተነደፈ ቧንቧ ነገ ዳግም ሊቆፈር ይችላል። አደጋ ቢደርስ ሙቀቱ ከባድ ጉዳት የሚያደርስበትን ርቀት የሚያሰላ ቀመርም በዚያው ደንብ አለ፤ ለምሳሌ 30 ኢንች ስፋት ኖሮት በአንድ ካሬ ኢንች 1,000 ፓውንድ ግፊት ለሚሠራ ቧንቧ 655 ጫማ፣ ማለትም 200 ሜትር ያህል ይመጣል። ከዚያ መስመር ወዲያ ያለ ሁሉ አይነካም ማለት አይደለም። በ2010 መስከረም በካሊፎርኒያ፣ ሳን ብሩኖ የፈነዳው 30 ኢንች ቧንቧ 8 ሰው ገድሏል፣ 38 ቤት አውድሟል። እንዲህ ያለው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ ሲደርስ ግን እንዲህ ነው። ኮሚሽኑ የብረቱን ውፍረት አይወስንልዎትም፤ መስመሩ ከቤትዎ የሚኖረውን ርቀት ግን የሚወስነው እርሱ ነው። ስለዚህ የደኅንነት ስጋትዎን በርቀት ጥያቄ መልክ ያቅርቡት። በገጠር የሚያልፉ ብዙ የማስተላለፊያ ቧንቧዎች ጋዛቸው ሽታ እንደማይጨመርበትም ይወቁ፤ በኩሽናዎ የለመዱት ሽታ ስለሌለ ፍሳሽ የለም ብለው አይደምድሙ።

አስተያየት መስጠትና በመዝገቡ ጣልቃ ገብ ተከራካሪ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አስተያየት የሰጠ ሰው ይነበባል፤ ውሳኔው ካልተስማማው ግን ይግባኝ የለውም። ኮሚሽኑ ጉዳዩን ዳግም እንዲያየው መጠየቅ የሚችለው በጊዜው ጣልቃ የገባ ተከራካሪ ብቻ ነው፤ ለዚያም ከውሳኔው በኋላ 30 ቀን አለው። ኮሚሽኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሰ ጥያቄው ውድቅ እንደሆነ ተቆጥሮ ወደ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ የዋሽንግተን ዲሲው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ጊዜ እየገዛ ባለመሬቶችን ደጅ የሚያስጠናበትን ልማድ በ2020 ዘግቶታል። ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። ጣልቃ ለመግባት ጠበቃም ክፍያም አያስፈልግም፤ መሬትዎ በመስመሩ ላይ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይበቃል። ሆኖም ፍርድ ቤቱን አይመኩበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2025 በዩታ የባቡር መስመር ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ዳኞች በአካባቢ ግምገማ ላይ ለመሥሪያ ቤቱ ሰፊ ከበሬታ እንዲሰጡ፣ ከፕሮጀክቱ ተለይተው የሚታዩ የሌሎች ፕሮጀክቶችን ውጤቶች መመርመርም ግዴታ እንዳልሆነ ወስኗል። ከዚህ በኋላ ደካማ ግምገማን በፍርድ ቤት ማስጣል ከበፊቱ ይከብዳል። ማግኘት የሚፈልጉትን አሁን፣ መዝገቡ ክፍት ሳለ፣ ያግኙት፤ ጉልበትዎንም በዓለም የአየር ንብረት ላይ ሳይሆን በራስዎ ጉድጓድና አፈር ላይ ያውሉት።

ባለቤትዎ የፈሩትን በተመለከተ፣ አስተያየት ለመስጠትም ሆነ ጣልቃ ለመግባት ዜግነት አይጠየቅም። እውነተኛው ጥንቃቄ ሌላ ነው፤ የሚያስገቡት ጽሑፍ ስምዎና አድራሻዎ ጭምር በበይነ መረብ ለማንም ሰው ይታያል። የስልክ ቁጥር፣ የልጆች ስምና ትምህርት ቤት፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ የሚናገር ነገር አይጻፉ። እርሳቸው ካልፈለጉ እርስዎ እንደ ባለመሬት ብቻዎን ማስገባት ይችላሉ፤ የሚጎድል ነገር የለም። የመዝገቡ ሥራ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሐሳብዎን በአማርኛ አብላልተው ከጻፉ በኋላ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ይተርጉምልዎት። ኮሚሽኑ ባለመሬቶችን በሥርዓቱ የሚመራ የሕዝብ ተሳትፎ ጽሕፈት ቤት አለው፤ ስለ ቀነ ገደብና ስለ አቀራረብ ይጠይቋቸው፣ የሕግ ምክር ግን አይሰጡም።

የቅየሳ ፈቃዱና የኢዝመንቱ ውል አንድ አይደሉም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በአንድ ፖስታ ይመጣሉ። ቅየሳ መፍቀድ መሬት መስጠት አይደለም፤ እንዲያውም ቀያሹ ጉድጓድዎን በትክክለኛው ቦታ ካርታ ላይ ቢያሰፍር ይጠቅምዎታል። ወረቀቱ ለቅየሳ ብቻ መሆኑን፣ ቀኑ አስቀድሞ እንደሚነገርዎት፣ ጉዳት እንደሚካስና የውጤቱ ቅጂ እንደሚሰጥዎት በእጅ ጽሑፍም ቢሆን ያስገቡበትና ይፈርሙ። በኢዝመንቱ ላይ ግን ያለ ጠበቃ አንዲት ፊርማ አያኑሩ። ሕጉ ፈቃድ ለያዘ ድርጅት ካልተስማማ ባለመሬት ላይ በፍርድ ቤት በኩል መሬት የመውሰድ ሥልጣን ይሰጠዋል። በ2014 በፔንስልቬንያ፣ ዮርክ ካውንቲ በተነሣ ክርክር ፔንስልቬንያን የሚያካትተው የሦስተኛው ሰርኪት የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህ ሥልጣን በጥቅል ፈቃድም እንደሚሠራ፣ አሮጌ ቧንቧ ከቀድሞው የኢዝመንት ወሰን ውጭ ሲተካ ጭምር፣ ወስኗል፤ ፍርዱ የእርስዎን ግዛት ያስገድዳል። ስለዚህ «አልሸጥም» ማለት መስመሩን አያስቀርም። በድርድር ግን ፍርድ ቤት የማይሰጥዎትን ብዙ ነገር ማግኘት ይችላሉ፤ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ በውል የቧንቧውን ቁጥር በአንድ መወሰን፣ የሚቀበርበትን ጥልቀት መጨመር፣ በላዩ የሚታይ ቫልቭ እንዳይተከል መከልከል፣ ለግንባታው በጊዜያዊነት የተወሰደው ቦታ የሚመለስበትን ቀን መቁረጥ ይቻላል። በዚህ ሥራ የተካኑ ጠበቆች ብዙዎቹ ክፍያቸውን የሚወስዱት ከመጀመሪያው ዋጋ በላይ ካስጨመሩት ላይ ነው።

ምክሬ የተቆረጠ ነው። በዚህ ሳምንት የመዝገብ ቁጥሩን ይዘው ቀነ ገደቡን ያረጋግጡ፤ በእርስዎ ስም ጣልቃ ይግቡ፤ ጉዳዩ የ60 ቀኑ ዓይነት ከሆነ ዝርዝር ተቃውሞ፣ ሙሉ ማመልከቻ ከሆነ ዝርዝር አስተያየት ያስገቡ። ፊርማ የሚያሰባስቡትን ጎረቤቶች አይቃወሟቸው፤ ይልቅ እያንዳንዳቸው የጉድጓዳቸውን ጥልቀትና ርቀት በየራሳቸው እንዲጽፉ ይንገሯቸው፤ የአሥር ቤት ጉድጓድ በአንድ ካርታ ላይ ሲቀመጥ ሠራተኞቹ የሰፈሩን ከርሰ ምድር ለብቻው ሊመረምሩት ይገደዳሉ። ፈቃዱ ከወጣ በኋላም የውሳኔውን ግዴታዎች አትመው ያስቀምጡ፤ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የግቢዎን፣ የአጥርዎን፣ የቤትዎን መሠረት ፎቶ ከነቀኑ ያንሡ፤ የተጻፈው ግዴታ ካልተከበረ ቅሬታዎን ለድርጅቱ የባለመሬት ስልክ ብቻ ሳይሆን በዚያው የመዝገብ ቁጥር ለኮሚሽኑ ያስገቡ፤ የኮሚሽኑ ተቆጣጣሪዎች ሥራው እየተካሄደ ወደ ቦታው ይመጣሉ፣ የተመዘገበ ቅሬታም ይዘው ይመጣሉ።